ስለ አሰብ ስትጽፉ ካምፖ ሱዳንን አትዝለሉ
ለባህልና ቅርስ ሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

የካቲት 2017 ዓ.ም.
ወሎ

ይድረስ የአካባቢያችንን የባህል፣ የታሪክና የቅርስ ሥራ ለምትመሩ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከአሰብ ተመልሰን በወሎ የምንኖር ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን የተወለድነው ወይም ጉልበታችንን ያፈሰስነው ካምፖ ሱዳን በሚባለው የአሰብ ሰፈር ነው። ከተመለስን በኋላ ያቋቋምነው ቅሬ እንደ ማንኛውም የወሎ ቅሬ ለቀብርና ለሐዘን የቆመ ሲሆን፣ የሚለየው አባላቱ የሚተዋወቁት አሁን በሚኖሩበት ሰፈር ሳይሆን ጥለውት በመጡት ሰፈር መሆኑ ብቻ ነው። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብተን መልስ ስላላገኘን፣ ጉዳዩን በግልጽ ደብዳቤ ለማቅረብ በጠቅላላ ስብሰባ ተስማምተናል። ነገሩን አደባባይ ያወጣነው ማንንም ለማዋረድ ስላልሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስምና የባለሙያዎቹን ማንነት ትተናል፤ የሚመለከታችሁ ታውቁታላችሁ።

ለመጻፍ ያበቃን፣ ወሎ ከቀይ ባሕር ጋር ስለነበራት ግንኙነት ባለፈው ዓመት የተዘጋጀው ዐውደ ርእይ ነው። ሥራው ሲጀመር ባለሙያዎች ወደ ቅሬያችን መጥተው ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የሥራ መታወቂያና የቤት ዕቃ እንድንሰጥ፣ አዛውንቶቻችንም የሚያስታውሱትን እንዲናገሩ ጠየቁን። ደስ እያለን እሺ አልን። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቡና እየተፈላ፣ አንዱ የረሳውን ሌላው እያስታወሰው፣ መቅረጫው ፊት ተነገረ። ብዙዎቹ ከልጆቻቸው ጋር እንኳ ያላወሩትን ነው ያን ቀን ያወሩት። ዐውደ ርእዩ ሲከፈት ግን ግድግዳው ላይ ያገኘነው የወደቡን ክሬኖች፣ የመርከቦች ፎቶግራፍ፣ የጭነት መጠን የሚያሳይ ሰንጠረዥና አንድ ትልቅ ካርታ ነበር። በካርታው ላይ አሰብ አንዲት ጥቁር ነጥብ ናት።

አሰብ ዛሬ የኤርትራ ከተማ ናት፤ ደብዳቤያችን ስለ ድንበርም ሆነ ስለ ወደብ ባለቤትነት የሚያነሣው ጥያቄ የለውም። ስለ አሰብ በመገናኛ ብዙኃን የሚባለውን እንሰማለን፤ የሚበዛው ስለ ርቀት፣ ስለ ጭነትና ስለ ኪራይ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሰው ስለኖረበት ሰፈር ነው።

ቅሬታችን የሚጀምረው ዐውደ ርእዩ ታሪኩን ከጀመረበት ቦታ ነው። ጽሑፉ ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው ሚስዮናዊ በ1862 ዓ.ም. ሩባቲኖ ለተባለው የጣልያን የመርከብ ኩባንያ መሬቱን መግዛቱን፣ በ1874 ዓ.ም. ደግሞ የጣልያን መንግሥት ከኩባንያው መረከቡን ይተርክና በአንድ እርምጃ ወደ ወደቡ ግንባታ ይሻገራል። ሻጮቹ የአፋር ሱልጣኖች መሆናቸውን አንድ ቃል አይናገርም። የባሕሩ ዳር የአፋር አገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ በአፋሮች ደጅ ያረፈ እንግዳ ነበር። እንግድነታችንን የምናስታውሰው ከፍለን ከማንጨርሰው ውለታ ጋር ስለሆነ፣ የአሰብ ታሪክ አፋሮችን ዘሎ ሲጻፍ በስማችን ውለታ የተካደ ያህል ይሰማናል።

የከተማዋ ሰፈሮች ስምም ብዙ ይናገራል። አሰብ ከቢር፣ አሰብ ሰጊርና ካምፖ ሱዳን ነበሩ። ከቢርና ሰጊር በዐረብኛ ትልቅና ትንሽ ማለት ሲሆን ካምፖ ደግሞ ጣልያንኛ ነው። በካምፖ ሱዳን ጎዳና ላይ ከሁሉ በልጦ ይሰማ የነበረው አማርኛ ነው፤ ከአጠገቡ አፋርኛ፣ ትግርኛና ዐረብኛ ይነገራል። ከእኛ መካከል አራቱንም ሲናገሩ ያደጉ፣ ግን በየትኛው ቋንቋ እንዳለሙ ጠዋት የማያስታውሱ ሰዎች አሉ።

ወሎን ከዚህ ሰፈር ጋር ያገናኘው መንገዱ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የሠራው መንገድ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎግያ፣ በሰርዶ፣ በዲቼቶ፣ በኤሊዳር፣ በማንዳና በቡሬ አድርጎ፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕሩ ላይ ያበቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ ሰው ባሕሩ ዘንድ ሲደርስ ሸሚዙ እንኳ ይከብደዋል። ከወሎ በመጀመሪያ የወረዱት ብዙዎቹ በሾፌርነትና በረዳትነት በኤን ትሬ የጭነት መኪና ላይ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዘመናዊው ወደብ በዩጎዝላቪያ ድጋፍ ሲገነባ፣ በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻም የነዳጅ ማጣሪያው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሥራ ሲጀምር፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ተከተለ። የ1965ና የ1966ቱ ረኃብ የቀረውን አወረደው። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ አባት ከቃሉ፣ እናቱ ከአምባሰል ወርደው የተገናኙት በዚያ ዘመን ካምፖ ሱዳን ውስጥ ነው።

በዐውደ ርእዩ ላይ ስለ ሰፈሩ ኑሮ አንድ መስመር እንኳ ስላልተጻፈ፣ አዛውንቶቻችን ለመቅረጫው ከተናገሩት ጥቂቱን እዚህ እናስቀምጣለን።

አሰብ ዝናብ የማይለመድባት፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች፣ የሰፈሩ ኑሮ የሌሊት ኑሮ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ አልጋ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣና መንገዱ መኝታ ይሆናል፤ የአንዱ ቤት ሕፃን ሲያለቅስ ሦስት ቤት ይነሣል። ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም፣ ሽማግሌው ከአጠገባቸው ባለው አልጋ ላይ ተጋድሟል። ውሃ በቦቴ ሲመጣ ወረፋ የሚይዘው ጀሪካን ነበር፤ ባለቤቱ ሥራ ላይ ቢሆንም ጀሪካኑን ከቦታው የሚያነሣበት ሰው አልነበረም። አንዲት እናታችን እንዳሉት፣ ከደሴ ወርደው ባሕሩን ያዩ ቀን «ይህ ሁሉ ውሃ ባለበት አገር እንዴት ለአንድ ጀሪካን ይሰለፋል» ብለው አለቀሱ። ይህ ንግግራቸው ተቀድቶ ነበር፤ የት እንዳለ ግን አናውቅም።

ከደጋ የወረዱ እናቶቻችን መጀመሪያ ዓሣ አንነካም ይሉ ነበር። ኋላ ግን በየመኖች የሸክላ ምድጃ ለሁለት ተሰንጥቆ የሚጠበሰውን ዓሣ የወሎ በርበሬ እየቀቡ ራሳቸው ይልኩ ጀመር። የየመኑ ባለሱቅ የዱቤ መዝገቡን በዐረብኛ ይጽፋል፤ ማንበብ የሚችል ተበዳሪ ባይኖርም በሒሳቡ የተጣላ ሰው ያስታወሰ የለም። የአፋር እናቶች ከዘንባባ የሠሩትን ሰሌን ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ፣ አቦል የተቀዳበት ቤት ከገቡ በረካ ሳይጠጡ አይወጡም። በስሟ የቡና ንግድ በዓለም የታወቀላት ሙኻ ከባሕሩ ማዶ ናት፤ ሳንቡክ ይዞ የሚሻገረው ነጋዴ ዜናም ዕቃም ሙሽራም ያመጣ ነበር። ሙሽሪት ከየመን መጥታ በአማርኛ «ኧረ እልል በሉ» ስትባል ምን እንደተባለች የተረዳችው በሦስተኛው ዓመቷ ነው ብለው ያጫወቱን የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ዛሬ ወሎ ውስጥ ሻይ ቤት አላቸው።

ቅሬ የሚለውን ቃልና ሥርዐቱን ይዘን የወረድነው እኛ ነን። ካምፖ ሱዳን ውስጥ ግን ቅሬው የወሎዬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ትግርኛ ተናጋሪው የማጣሪያ ሠራተኛ፣ የጉራጌው ነጋዴ፣ የየመኑ ባለሱቅ፣ ልጁ ወደብ የተቀጠረለት የአፋር አባት አባል ነበሩ። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ድንኳኑ አንድ ነው፤ ቀብሩ በየሃይማኖቱ ይፈጸምና ለቅሶ መቀመጡ በጋራ ይሆናል። በዚያ ሙቀት ሬሳ ስለማይቆይ ውሳኔ የሚሰጠው በሰዓታት ውስጥ ነበር፤ የሚቆፍረው፣ የሚገንዘው፣ ዘመድ ጋ ስልክ የሚያስደውለው ሰው አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያዘንንበት የ1977 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። ዐውደ ርእዩ በዚያ ዓመት የእርዳታ እህል በአሰብ በኩል መግባቱን በአንድ ሰንጠረዥ ያሳያል። ስንዴውን ከመርከብ ያወረዱትና በመኪና ላይ የጫኑት ሰዎች ግን ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። ጆንያው ወደ እናታቸው አገር እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ እናታቸው በሕይወት መኖሯን ግን አያውቁም። በተሳቢው ጎን በኖራ የወንድማቸውን ስም ጽፈው፣ ሾፌሩን «ኮምቦልቻ ስትደርስ ጠይቅልኝ» የሚሉ ነበሩ። ከቅሬያችን አባላት አንዱ በዚያ ዓመት ሁለት ፈረቃ እየደረቡ ሠርተው ወገባቸው ተጎድቷል፤ ዛሬም በከዘራ ነው የሚሄዱት። መቅረጫው ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ዐውደ ርእዩ በተከፈተ ዕለት ልጃቸው ደግፎ ወሰዳቸው፤ ሰንጠረዡን ቆመው አይተው፣ አንዳች ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ አሰብ ማውራት አቁመዋል። ይህ በደል በመሥሪያ ቤቱ በኩል እንደ ትንሽ ነገር ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ትንሽ አይደለም።

ሌላው ጉዳይ የምስክሮች አመራረጥ ነው። ከተናገሩት መካከል አንዲት በትዳር ወሎ የመጡ የአፋር እናትና አባታቸው የመኒ የሆኑ አንድ አባል ይገኙበታል። የእነርሱ ቃል ለምን እንደቀረ ስንጠይቅ «ዝግጅቱ የወሎን ቅርስ ብቻ ይመለከታል» ተባልን። ይህን መልስ አንቀበለውም። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሜዳ ሲገበያዩ የኖሩበትን ዘመን ርዝመት ያውቃል፤ ወሎ የምንለው ይህንኑ ነው። ሁለቱ አባሎቻችን ለቅሬው እኩል ይከፍላሉ፣ ሬሳ እኩል ያነሣሉ። ዝግጅቱ እነርሱን ሲያወጣ ካምፖ ሱዳንን እንደገና በዘር ከፋፍሎ ማስቀመጡ ነው፤ ሰፈሩ በሕይወት ሳለ እንዲያ አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በአስቸኳይ መፍትሔ የሚፈልግ ነው። ለዐውደ ርእዩ የሰጠናቸው ዕቃዎች አልተመለሱልንም። ስንሰጥ የመረካከቢያ ቅጽ አልተሞላም፤ ጥፋቱ በከፊል የእኛም ነው፤ መንግሥት ቤት ነው ብለን አመንን። ከተሰጡት ውስጥ የወደብ መግቢያ መታወቂያዎች፣ የሠርግ ፎቶግራፎች፣ መርከበኛ የነበረ ልጅ ለእናቱ የላካቸው ደብዳቤዎችና የካምፖ ሱዳን ቅሬ መዝገብ ይገኛሉ።

ስለ መዝገቡ ለብቻው መናገር አለብን። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከተማዋ ስትያዝ ሰፈሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበተነ፤ ከፊሉ በባሕር ወደ ጅቡቲ፣ ከፊሉ በቡሬና በማንዳ በኩል በመኪናም በእግርም ወጣ። በዚያን ጊዜ የቅሬው ጸሐፊ የነበሩት አባት የቤታቸውን ዕቃ ሁሉ ትተው መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ሆዳቸው ላይ በነጠላ አስረው በጀልባ ተሻገሩ። በመዝገቡ ውስጥ የአባላቱ ስም፣ የከፈሉት መዋጮና አሰብ የተቀበሩ ሰዎች ዝርዝር አለ። የአባቱን ወይም የልጁን መቃብር ሄዶ ማየት ለማይችል ሰው ያ መስመር የመቃብር ድንጋይ ማለት ነው። ከ1983ቱ ስደት በኋላ የቀሩትም፣ ተመልሰው የሄዱትም በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመርና የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ሲዞር ሥራቸውን አጥተው ወጡ፤ የእነርሱም ሟቾች ኋላ በዚሁ መዝገብ ላይ ተጨምረዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ቤት ተዘርፎ የብዙ አባሎቻችን ሰነድ ሲጠፋ፣ መዝገቡን የያዘው ቤተሰብ በጤፍ ጎታ ውስጥ ቀብሮ አተረፈው። ይህን ሁሉ ያለፈ መዝገብ ለእናንተ በእጃችን ሰጠናችሁ።

ልናስመልሰው ስንሄድ የተረከቡት ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ መዛወራቸው ተነገረን። በሌላ ቀን ዕቃው በመጋዘን መሆኑን፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ግን የተያዘው በሌላ ክፍል መሆኑን ሰማን። በሦስተኛው ጉዟችን በሩ ተከፍቶልን ካርቶኖቹን ከሩቅ አየን፤ ወለሉ እርጥብ ነበር። ገብተን እንድናይ አልተፈቀደልንም። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት በእጃቸው የነበረችው የባለቤታቸው ብቸኛ ፎቶግራፍ ከእነዚያ ካርቶኖች በአንዱ ውስጥ ናት፤ በየወሩ የቅሬ መዋጮ ሊከፍሉ ሲመጡ «ተገኘች ወይ?» ብለው ይጠይቁናል።

የትውልድ ቦታን የሚመለከተው ችግር በቀጥታ የእናንተ እንዳልሆነ እናውቃለን። አሰብ የተወለዱ አባሎቻችን መታወቂያና የልደት ማስረጃ ሲያወጡ የትውልድ ቦታቸው አሁን የሚኖሩበት ከተማ ተብሎ የተመዘገበባቸው አሉ፤ የውጭ አገር ዜጋ ተብለው ተጨማሪ ማስረጃ የተጠየቁም አሉ። በ1980 ዓ.ም. አሰብ ራስ ገዝ ተብላ ስትዋቀር መታወቂያ ያወጣ ሰው ዛሬ ያ መታወቂያ በመጋዘናችሁ ተቀምጦ ሳለ ማስረጃ አምጣ ሲባል፣ ነገሩ ከእናንተ ጋርም ይያያዛል።

ስለዚህ የሚከተሉት እንዲፈጸሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መጋዘኑ የቅሬው ተወካዮች ባሉበት ተከፍቶ ዕቃዎቹ እንዲቆጠሩ፣ የቅሬው መዝገብና ባለቤቶቻቸው የሚፈልጓቸው ፎቶግራፎችና መታወቂያዎች ወዲያውኑ እንዲመለሱ፤ በእናንተ ዘንድ እንዲቆዩ የተፈቀደላቸውም በመረካከቢያ ቅጽ ተመዝግበው በደረቅ ቦታ እንዲቀመጡ እንጠይቃለን። መዝገቡን ፎቶ አንሥታችሁ ቅጂ ልትይዙ ብትፈልጉ ደስ ይለናል።

በሦስቱ ቅዳሜዎች የተቀዳው ድምፅ የት እንዳለ ይነገረን፤ ካለም ቅጂው ለቅሬው ይሰጠን። የጠፋ ከሆነ ይኸው በግልጽ ይነገረንና በሕይወት ያሉት አዛውንቶች እንደገና ይቀረጹ። ከተናገሩት መካከል ሁለቱ ዐውደ ርእዩ ከተዘጋ ወዲህ ዐርፈዋል፤ ቀሪዎቹም ብዙ ጊዜ የላቸውም።

ዐውደ ርእዩ በቋሚነት ይቀመጣል መባሉን ሰምተናል። እንደዚያ ከሆነ የሦስቱ ሰፈሮች ስም በካርታው ላይ እንዲጻፍ፣ የአፋር ሕዝብ የባሕሩ ዳር ባለቤት ሆኖ እንዲነገር፣ የአፋር እናትና የየመኒው ልጅ ቃል ከሌሎቹ ጋር እንዲገባ፣ በ1977ቱ ሰንጠረዥ አጠገብም እህሉን ያወረዱት ሠራተኞች ታሪክ እንዲቀመጥ እንፈልጋለን። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት እንድናነበው ይሰጠን። ፎቶግራፍ የሚያብራሩ፣ ሰው በመልኩ የሚለዩ አምስት አባላት መድበናል፤ ክፍያ አይጠይቁም።

በመጨረሻም መታወቂያቸው በእናንተ እጅ ለሚገኝ አባላት፣ ሰነዱ እስኪመለስ ድረስ፣ ለምዝገባ ክፍሉ የሚያቀርቡት የማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው እንጠይቃለን።

መልሳችሁን እስከ መጋቢት መጨረሻ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ቅሬያችን በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባል፤ ተወካያችሁን ብትልኩ በዚያው ተገናኝተን መነጋገር እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅሬው ጸሐፊ፣ የካምፖ ሱዳን ተወላጅ
የቅሬው ዳኛ፣ የቀድሞ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ
የቅሬው ገንዘብ ያዥ

ግልባጭ፦
ለምዝገባ ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል
ከአሰብ ተመልሰው በየአካባቢው ለሚኖሩ ወገኖቻችን